ቡችላው በነፃ ነው፤ ሆዱስ? (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ሳቢያን ማዶ | ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም የድሬ ልጆች። ምክር ፈልጌ ነው።

ባለፈው ወር ሌሊት ሰው ገብቶ የውሃ ዲናሟችንን ነቅሎ ሄደ። ማንም አልሰማም። ቬንቲሌተሩ እየጮኸ ማን ይሰማል? ከዚያ ወዲህ እናቴ እንቅልፍ የላትም። ሐረር ያለው የአጎቴ ልጅ ይህን ሰምቶ ደወለ። ጀርመን ሼፐርድ ውሻው ስድስት ቡችላ ወልዳለታለች። «አንዱን ወንድ ይዤልሃለሁ፣ በነፃ ነው፣ መጥተህ ውሰድ» አለኝ።

ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ደግሞ «ቡችላው በነፃ ነው፤ ሆዱስ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

አስተማሪ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እናቴም ከእኛ ጋር ናት። ግቢው የራሳችን ነው። ውሻ ያላችሁ ሰዎች፣ በወር ስንት ብር ታወጣላችሁ? ቁርጡን ንገሩኝ።

በርጫ 9 ሰዓት | ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡25

የጫትህን ግማሽ።

ሳቢያን ማዶ | ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡31

አልቅምም።

በርጫ 9 ሰዓት | ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡32

አቦ እንግዲያው ሁለት ውሻ ያዝ!

ከዚራ ጥላ | ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡40

ወንድሜ፣ በብር አልነግርህም። ዛሬ የጻፍኩልህ ዋጋ ከሁለት ወር በኋላ ያስቃል። በኪሎ ልንገርህና ገበያ ወጥተህ አንተው አባዛው።

አንድ ውሻ 11 ዓመት አሳድጌ ቀብሬያለሁ። አሁን ሁለተኛው ላይ ነኝ። ያደገ ወንድ ጀርመን ሼፐርድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። ቤት ውስጥ የበሰለ ምግብ ከሆነ ደግሞ በቀን የክብደቱን ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ያህል ይበላል። 35 ኪሎ ለሆነ ውሻ ከ700 ግራም እስከ 1 ኪሎ መሆኑ ነው። በወር ከ20 እስከ 30 ኪሎ በለው። ግማሹ ሳንባ፣ ጅማትና ትርፍ ሥጋ ነው። ግማሹ ሩዝ ወይም የበቆሎ ገንፎ ሆኖ ትንሽ ካሮት ወይም ዱባ ይገባበታል። ጨው የለ፣ በርበሬ የለ።

አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች የማያውቁት አንድ ወጪ አለብን፤ ሙቀቱ። ጠዋት ቀቅለህ ያስቀመጥከው ማታ ይሸታል። ወይ በየቀኑ ትቀቅላለህ፣ ወይ ለውሻው የፍሪጅ ቦታ ትለቃለህ። በየቀኑ ከቀቀልክ ከሰልና መብራት ቁጠር። ፍሪጅ ከሆነ ደግሞ ከባለቤትህ ጋር ተነጋገር። እኔ በፍሪጁ ጉዳይ ሁለት ዓመት ተጨቃጭቄያለሁ።

አሁን የምልህን ደግሞ አስብበት። ሌባ የሚያባርረው የውሻው ዘር አይደለም፣ ጩኸቱ ነው። የኛው የሰፈር ውሻ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ነው የሚመዝነው። የሚበላው ግማሽ ነው። የሚጮኸው ግን እኩል ነው፤ እንዲያውም ይብሳል።

የእናት ጓዳ | ቅዳሜ ከምሽቱ 4፡05

ሰው ምን ነካው? ለውሻ ሩዝ? እኛ ቤት ከምሳና ከራት የተረፈ እንጀራ በወጥ ይፈተፈትለታል፣ አለቀ። አያቴ ፉርሽካ በጥብጣ ነበር የምትሰጠው። ውሻ በበጀት ሲያድግ ገና አሁን ሰማሁ።

ሲሪንጅ | እሑድ ከጠዋቱ 1፡15

እትዬ የእናት ጓዳ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና በወጡ ላይ አልስማማም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በሥራዬ ከማያቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

የኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትም ጭምር፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። አንድ ቀን ትንሽ ቢልስ ላይታወቅ ይችላል። በየቀኑ ሲፈተፈትለት ግን ደሙ እያነሰ ይሄዳል። ድዱ ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ባለቤቱ «ከስቷል፣ ምግብ አልጣመውም» ብሎ ወጥ ይጨምርለታል። ደረቅ እንጀራ ሽንኩርት በሌለው መረቅ ችግር የለውም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን አትስጪ፣ ሲሰበር እንደ መርፌ ነው።

አሁን ወደ ጠያቂው። ወንድሜ፣ ሁሉም ስለ ምግብ እያወራልህ ነው። ምግቡን ትለምደዋለህ። ሰው የሚደነግጠው የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ላይ ነው።

ቡችላውን 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለየው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ የፓርቮና የዲስቴምፐር (ቡችላ የሚገድሉ በሽታዎች ናቸው) ክትባት ይጀምራል። 16 ሳምንት እስኪሞላው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን 3 ወር ሲሞላው ይወስዳል፣ ከዚያ በየዓመቱ። የትል መድኃኒት መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ፣ ኋላ በየሦስት ወሩ ነው። እንግዲህ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ትመላለሳለህ። የባጃጁንም አትርሳ፣ ውሻ ይዘህ ስትቆም ሁሉም ባጃጅ አይጭንህም።

ክትባቱን ገዝተህ ቤት ወስደህ ራስህ ለመውጋት አታስብ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት ያለበት ነገር ነው። በድሬ ፀሐይ በፌስታል አንጠልጥለኸው አንድ ሰዓት ከዞርክ የወጋኸው ውሃ ነው። ክሊኒኩንም ቢሆን ፍሪጃቸው መብራት ሲጠፋ እንዴት እንደሚሆን ጠይቃቸው። አይከፋቸውም። ቢከፋቸውም ጠይቅ።

ከዚራ ጥላ | እሑድ ከጠዋቱ 2፡00

ሲሪንጅ፣ ሳንባ ጥሬውን የሚሰጡ ሰዎች አሉ። ስለሱም በላቸው።

ሲሪንጅ | እሑድ ከጠዋቱ 2፡20

ጥሩ አስታወስከኝ። የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለአረፋ ወይም ለፋሲካ ያረደ ሁሉ አይቶታል። «ይህን ለውሻው ጣልለት» ይባላል። ስህተቱ እሱ ነው። ውሻው ያን ጥሬውን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን የኮሶ ዓይነት ትል ያፈራል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል። ፀጉሩም ላይ ይቀራል። ልጅህ ውሻውን ደባብሶ እጁን አፉ ውስጥ ሲከት እንቁላሉ ወደ ልጁ ያልፋል። ያ ከረጢት እንግዲህ ሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል፤ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን ነው።

ስለዚህ ሳንባ በደንብ ይቀቀል። ከረጢት ያለበት ይቀበር ወይም ይቃጠል። የትል መድኃኒት ስትገዛ ፕራዚኳንቴል ያለበት ይሁን፣ በኪሎው ተለክቶ። ለከብት የተገዛ አይቨርሜክቲን ተርፎ ለውሻ የሚወጉም አሉ። በዚህ ምክንያት ስንት ውሻ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አታድርጉት።

ሌላው፣ ቡችላ በሳንባ ብቻ አያድግም። በተለይ ትልልቅ ዘሮች ካልሲየም ካጡ እግራቸው ይወላገዳል። የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ተፈጭቶ ይነስነስበት። ይህ ወጪ የለውም።

የእናት ጓዳ | እሑድ ከጠዋቱ 3፡10

ስለ ሽንኩርቱ አላውቅም ነበር። ቡቺዬ ባለፈው ዓመት ዝም ብሎ ከስቶ ነው የሞተው። እኛ ሰው መርዝ አበላብን ብለን ጎረቤት ተቀይመናል።

ጀጎል ዳር | እሑድ ከቀኑ 6፡45

ከሐረር ነኝ። እዚህ ውሻ ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ወጪ አለበት፤ የሚዘጋ በር። ጅቦቻችንን ሰው በእጁ ያበላቸዋል፣ ቱሪስት ፎቶ ያነሳቸዋል፣ ሁሉም ይወዳቸዋል። ሌሊት ግን ጀጎል ውስጥ ለውስጥ ይዞራሉ፤ በግንቡ ሥር የሚገቡበት ቀዳዳ አላቸው። ውጭ ታስሮ ያደረ ውሻ ለጅብ ራት ነው። ሰንሰለቱ ደግሞ እንዳይሸሽ ይይዝለታል። ስለዚህ እኛ ጋ መጀመሪያ የሚሠራው ቤቱ ነው፣ ቀጥሎ ነው ውሻው የሚመጣው።

ሌላ ነገር። ያ ሼፐርድ የተወለደው እዚህ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ደንገጎን አውርደህ 1,200 ሜትር ላይ ልታሳድገው ነው። ያን ሁሉ ፀጉር ለብሶ። አሳዘነኝ።

በርጫ 9 ሰዓት | እሑድ ከቀኑ 7፡30

የሐረር ሰው ድሬ ወርዶ ሁለት ሰዓት ሳይቆይ «አቃጠለኝ» ብሎ ይመለሳል። ውሻው የተሻለ ይችላል።

ሲሪንጅ | እሑድ ከቀኑ 9፡05

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ ጀጎል ዳር እውነቱን ነው። ውሻ እንደኛ አያልበውም። መዳፉ ሥር ካለው ትንሽ ላብ በቀር የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ወፍራም ፀጉር ያለው ውሻ እዚህ አይሞትም፣ ብዙ አሉ፤ ግን ጥላና ውሃ ወጪ ይሆንብሃል። በኪሎ 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር ውሃ በቀን ይጠጣል። 35 ኪሎው ውሻ ወደ 2 ሊትር ማለት ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ከዚያም ይበልጣል። የቧንቧ ውሃ ስትጠፋ ጄሪካን ቁጠር።

ለውሻ ቤት ቆርቆሮ ብቻ አትጠቀም። ቀን ላይ ምጣድ ነው። ኒም ዛፍ ካለህ ከሥሩ አድርግለት፣ ጣሪያው ላይ ሰሌን ወይም ሳር ጣልበት። እግሩን ለማንቀሳቀስ ስታወጣው ደግሞ የእጅህን ጀርባ አስፋልት ላይ አስቀምጥ። አምስት ሰከንድ ካልቻልክ እሱም አይችልም።

መጋላ ልጅ | እሑድ ከምሽቱ 1፡20

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ሙስሊም ቤተሰብ ነን፣ ግን ግቢ የሚጠብቅ ውሻ አለን። አባቴ ሱቅ ስላለው ነው ያስገባው። ለጥበቃ ይፈቀዳል። ቤት ውስጥ ግን አይገባም። ዕቃ ከላሰ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። ስለዚህ ሳህኑ፣ ባልዲው፣ የሚቀቀልበት ድስት፣ ማማሰያው ሁሉ ለብቻው ነው። ይህን ከመጀመሪያው ብትገዛ ይሻላል፣ ሙስሊም ሆንክም አልሆንክም። ጎረቤትህ ማን እንደሆነም አስብ። ከእነሱ በር አርቀህ እሰረው። እኛ ውሻውን ከማምጣታችን በፊት አባቴ ሦስት ቤት ዞሮ ነግሯል። ቡና እንኳ አልጠጡበትም፣ ዝም ብለው «እሺ» አሉት። ያቺ ዙር እስከ ዛሬ ጠቅማናለች።

ለክርስቲያኖቹ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ጓዳችሁ ውስጥ የሥጋ ትራፊ የለም። ውሻው ሽሮ ሊጾም ነው? እኛ ሰፈር ሥጋ ቤት ክፍት ነው፣ ኑ። ሳንባ ጠዋት በጊዜ ካልመጣችሁ ግን ያልቃል።

ሳቢያን ማዶ | እሑድ ከምሽቱ 2፡00

እህቴ፣ ይህ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ጠቀመኝ። የግራ ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው፣ አባታችን ማለት ናቸው። ሳልነግራቸው ላመጣው ነበር።

አንድ ጊዜ የነደደ | ሰኞ ከጠዋቱ 4፡30

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። ያልተነገረውን ወጪ እኔ ልናገር።

ውሻዬን አላስከተብኩትም። በየዓመቱ «በሚቀጥለው ወር» እል ነበር። አንድ ቀን የግቢው በር ገርበብ ብሎ ወጣና የጎረቤት ልጅ እግር ነከሰ። የስምንት ዓመት ልጅ ናት።

ቁስሉ ትንሽ ነበር። ግን ውሻው ወረቀት ስለሌለው ማንም እርግጠኛ መሆን አልቻለም። ልጅቷ ክትባት ጀመረች። አንድ ቀን አይደለም፤ መጀመሪያው ቀን፣ 3ኛው፣ 7ኛው፣ 14ኛው ቀን እየተባለ ይሄዳል። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ መድኃኒቱ አልቋል ተባልን። ሌላ ከተማ ሄድን። ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ ከሥራ የቀረሁበት። የልጅቷ እናት የቀን ሥራዋን አጥታ ስለነበር የእሷንም ቀን ከፈልኩ። ያን ወር ተበድሬ ነው የኖርኩት። የአሥር ዓመት የውሻ ክትባት ቢደመር የዚያን ወር ግማሽ አይሆንም።

ጠበቃ ጓደኛዬን ጠየቅኩት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ ሳይታሰብ አምልጦ የወጣ ቢሆን እንኳ። «በሩ ገርበብ ብሎ ነው» የሚለው ሰበቤ እዚያ አይሠራም። ጎረቤቴ አልከሰሰኝም። እስከ ዛሬ ሰላም ሲለኝ ግን ፊቱን ወደ እኔ አያዞርም።

ልጅቷ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን፣ ሁሉንም እላለሁ።

ሲሪንጅ | ሰኞ ከቀኑ 7፡10

በርታ ወንድሜ። ለሌሎቻችሁ፣ ውሻ ከነከሰ ክትባቱን ከመፈለጋችሁ በፊት ቁስሉን በወራጅ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት። ሰዓት እያያችሁ። ቡና፣ በርበሬ፣ ፌጦ፣ ምንም አታድርጉበት። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል። «ቆይ እንይ» የሚባልበት ነገር አይደለም።

ኮኔል አጥር | ሰኞ ከምሽቱ 3፡15

አንድ ጥያቄ። ሰው ክፍለ ሀገር ሲሄድ ውሻውን ማን ያበላዋል? እኔ ለቁልቢ ሁለት ቀን ብዬ ሄጄ አምስት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ዘበኛው ለውሻው የተውኩትን ሳንባ ጠብሶ በልቶታል።

በርጫ 9 ሰዓት | ሰኞ ከምሽቱ 3፡18

ዘበኛ ካለህ ውሻ ለምን አስፈለገህ?

ኮኔል አጥር | ሰኞ ከምሽቱ 3፡21

ዘበኛው እንዳይተኛ።

ሳቢያን ማዶ | ከሦስት ወር በኋላ፣ ዓርብ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም፣ ጠፍቼ ነበር። ውጤቱን ልንገራችሁ።

ሼፐርዱን አልወሰድኩም። ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን የከዚራ ጥላን ሒሳብ በወረቀት ሠራነው። 25 ኪሎ ምግብ በወር። አሸዋ ገበያና ሥጋ ቤት ሄጄ የዕለቱን ዋጋ ይዤ መጣሁ። ስናባዛው ከልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ጋር ተቀራረበ። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ወረቀቱን አጥፋ ፍሪጁ ላይ አስቀመጠችው።

የአጎቴ ልጅ ትንሽ ተቀየመኝ። ቡችላውን ባቢሌ ላለ ሰው ሰጠው፣ ደህና ነው ይላሉ።

እኛ የሰፈር ውሻ አመጣን። ሴት ናት፣ ቡናማ፣ ጆሮዋ አንዱ ቆሞ አንዱ የወደቀ። ከሥራ ባልደረባዬ ግቢ ነው የወሰድኳት። ልጆቹ «ዲናሞ» አሏት። ሐጂን አስቀድሜ አናገርኳቸው። «ከእኔ በር አርቃት እንጂ ሌሊት ብትጮህ ለእኔም ነው» አሉኝ።

ሒሳቡን በደብተር ይዤ ነበር። በሦስቱ ወር ካወጣሁት ከመቶው ብር 45ቱ ክትባት፣ የትል መድኃኒትና የባጃጅ ነው። 35ቱ ምግብ ነው። 20ው አንገት ማሰሪያ፣ ሳህን፣ ድስት፣ የቤቷ እንጨትና ሰሌን። ሲሪንጅ እንዳለው ነው፣ መጀመሪያ ላይ ሕክምናው ምግቡን በለጠ። አሁን ክትባቱ ስላለቀ ወደ ምግቡ እየዞረ ነው። በየወሩ ደመወዝ ስቀበል ትንሽ ብር በፖስታ አድርጌ «የዲናሞ» ብዬ ጽፌበት አስቀምጣለሁ። ብትታመም ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ከውስጡ ለደብተር ወስዶ «ተበድሬያት ነው» አለኝ።

ያላሰብኩት ወጪ መዥገር ነው። በየሳምንቱ እየለቀምን ኋላ መድኃኒት ገዛን። ሌላው የማምከኑ ጉዳይ ነው። ሴት ስለሆነች ስድስት ወር ሲሞላት ካልተደረገላት ግቢያችን የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ ስብሰባ አዳራሽ ሊሆን ነው። ለዚያ ከፖስታው ሌላ እየቆጠብኩ ነው። ሲሪንጅ፣ በውስጥ እጽፍልሃለሁ።

እናቴ አሁን ትተኛለች። እኔ ግን አልተኛም፣ ምክንያቱም ዲናሞ ድመት ባየች ቁጥር ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ትጮሃለች።

ከዚራ ጥላ | ዓርብ ከምሽቱ 2፡05

ከአሥር ድመት በኋላ ትለምዳለች። የኔው ዓመት ፈጅቶበታል። አንተም ትለምዳለህ።

የእናት ጓዳ | ዓርብ ከምሽቱ 2፡30

ስሟን ወደድኩት። እኔም ቡችላ አምጥቻለሁ። ሽንኩርት የለም፣ በመረቅ ብቻ ነው። ከጎረቤቴም ጋር ታርቀናል፤ ጉዳዩን ስነግራት ሁለታችንም አለቀስን።

ሳቢያን ማዶ | ዓርብ ከምሽቱ 2፡44

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሳንባው ሲቀቀል ድስቱን ገንፍሎ እየወጣ ምድጃውን ያበላሸዋል፣ ሽታውም እስከ ሐጂ በር ይደርሳል። ምን ላድርግ?

መጋላ ልጅ | ዓርብ ከምሽቱ 2፡58

ሳንባ አየር ነው፣ ተነፍቶ ክዳኑን ያነሳዋል። መጀመሪያ በቢላ ትንንሽ አድርገህ ቁረጠው፣ ትልቅ ድስት ተጠቀም፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ አስቀምጥ። ለሽታው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቀቅል። ሐጂ ያን ጊዜ መስጊድ ናቸው።

በርጫ 9 ሰዓት | ዓርብ ከምሽቱ 3፡01

ወላሂ ይህች ልጅ ከንቲባ መሆን አለባት።